መጀመሪያ ቦታው፣ ከዚያ መኪናው፦ ወደ ፈርስት ላንዲንግ የተደረገ የአንድ ቤተሰብ የአር ቪ ጉዞ

ተጓዦቹ ስድስት ነበርን። እህቴ፣ ባሏ፣ የአምስትና የዘጠኝ ዓመት ልጆቻቸው፣ እማዬ እና እኔ። እነሱ የሚኖሩት አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ፤ እንጀራዬ ትራክ መንዳት ነው። ሐሳቡ አጭር ነበር። አር ቪ (አልጋና ማብሰያ ያለው የጉዞ መኪና) ተከራይተን፣ ባሕር ዳር ያለ ስቴት ፓርክ ገብተን፣ ከአርብ እስከ ሰኞ እንሰንብት።

ዲሲ አካባቢ እንዲህ ያለ ሐሳብ ቡና ላይ ይነሳል፤ ብዙ ጊዜም እዚያው ይቀራል። የሚያስቀረው ገንዘብ ብቻ አይመስለኝም። ሰው ከመኪናው ይጀምራል። ስልኩን ከፍቶ የአር ቪ ፎቶ ያያል፣ አልጋ ይቆጥራል፣ ቴሌቪዥን አለው ወይ ብሎ ይጠይቃል፣ ቀብድ ይከፍላል። ከዚያ ፓርክ ሲፈልግ ሁሉም ተይዟል። አር ቪ በሐምሌም ተፈልጎ አይታጣም። የሚታጣው ማቆሚያው ነው። የእኛ ጉዞ በተቃራኒው መንገድ ስለሄደ፣ እንዴት እንደሆነ ከነዝርዝሩ ልጻፈው።

ቀኑ

ቀኑን የመረጠችልን እማዬ ናት። ፍልሰታን ከቅዳሴ ርቃ አታሳልፍም። ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል፤ በፈረንጆቹ ኦገስት 7 መሆኑ ነው። የሚፈታው ነሐሴ 16 ነው፣ ኦገስት 22። ከዚያ በኋላ እንዳንል፣ የሰሜን ቨርጂኒያ ትምህርት ቤቶች ነሐሴ ሳያልቅ ይከፈታሉ። ቀደም እንበል ብንል የሐዋርያት ጾም አለ። እሱ የሚፈታው ሐምሌ 5፣ ጁላይ 12 ነው። ሐምሌ 19 ደግሞ ገብርኤል ነው። ያን ቀን እማዬን ከቤተ ክርስቲያን የሚያስቀር መኪና ገና አልተሠራም።

ይህ ሁሉ ሲቀናነስ የተረፈችን ሐምሌ ውስጥ ያለች ጠባብ ክፍተት ናት። አርብ ሐምሌ 11 ልንገባ፣ ሰኞ ሐምሌ 14 ልንወጣ ተስማማን። ከጁላይ 18 እስከ 21።

ችግሩ ይህች ሰሞን ለመላው አሜሪካም የዕረፍት ሰሞን መሆኗ ነው። የቨርጂኒያ ስቴት ፓርኮች የካምፕ ቦታ ማስያዝ የሚቻለው ከመግቢያው ቀን 11 ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ ነው። ከጁላይ 18 ወደ ኋላ 11 ወር ሲቆጠር ኦገስት 18 ላይ ያርፋል። ነሐሴ 12፣ የቡሄ ዋዜማ። ልጆቹ ስለ ሙልሙል ሲጨቃጨቁ አባታቸው ላፕቶፑ ላይ ተተክሎ ነበር። ቦታው በቁጥር ነው የሚመረጠው። ካርታው ላይ እያንዳንዱ ማቆሚያ ምን ያህል ርዝመት ያለው መኪና እንደሚያስገባ፣ መብራትና ውሃ እንዳለው፣ ከመታጠቢያ ቤቱ ምን ያህል እንደሚርቅ ይታያል። ሐምሌ ሲደርስ አንዱ ይሰርዝ ይሆናል ብሎ መጠበቅም ይቻላል። ሰው ይሰርዛል። ግን አሮጊት እና ሕፃን ይዞ በዕድል ላይ ዕቅድ አይወጣም።

መያዣው በእህቴ ስም ሆነ። የቨርጂኒያ ነዋሪ ላልሆነ ሰው ሂሳቡ ከፍ ይላል፤ እኔ ሜሪላንድ ስለምኖር ስሜ እዚያ ምንም ሥራ አልነበረውም።

ፓርኩ

ሦስት ፓርኮች ተወዳደሩ። ልጆቹ የፈለጉት አሳቲግን ነው። ከሜሪላንድ ስቴት ፓርኮች ውቅያኖሱ ፊት ለፊት ያለው እሱ ብቻ ነው። የዱር ፈረሶች በካምፑ መሃል እየተንጎራደዱ ያልፋሉ፤ ምግብ ውጭ ካገኙ ይዘርፋሉ። ይህን የሰማ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሌላ ነገር አይሰማም። ነገር ግን እዚያ መብራት ያላቸው ቦታዎች ጥቂት ናቸው። አሸዋው ላይ ይህ ነው የሚባል ጥላ የለም። ማዕበሉም የአትላንቲክ ማዕበል ነው።

ሁለተኛው ደላዌር ያለው ኬፕ ሄንሎፕን ነው፣ ሉዊስ ከተማ አጠገብ። መብራትና ውሃ አለው፤ ለሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተሠሩ የጠላት መርከብ መቃኛ ማማዎቹም እስካሁን ቆመዋል። እኔ ነኝ የተቃወምኩት። ወደዚያ የሚወስደው ቀጥተኛው መንገድ በቼሳፒክ ቤይ ብሪጅ ነው። 4.3 ማይል ድልድይ ነው፣ ከፍ ያለ፣ ንፋስ የሚበዛበት። በሰመር አርብ ደግሞ ባሕር ፈላጊው ሁሉ እሱ ላይ ነው። ለሥራዬ እሻገረዋለሁ። ለመዝናናት አልሻገረውም።

የቀረው ፈርስት ላንዲንግ ነው፣ ቨርጂኒያ ቢች ከተማ ውስጥ። የመረጥነው በአንድ ምክንያት ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ካምፑ ያለው በውቅያኖሱ በኩል ሳይሆን ቼሳፒክ ቤይ በሚባለው ባሕረ ሰላጤ በኩል ነው። ውሃው ከአትላንቲኩ የረጋ ነው። እማዬ የደጋ ሰው ናት፤ ባሕር ውስጥ እግሯን ነክራ አታውቅም። ልጆቹም ዋና ገና እየተማሩ ነው። እዚያ የባሕር ዳር ነፍስ አድን ሠራተኛ የለም፤ በራስ ኃላፊነት ነው የሚገባው። እንዲህ ከሆነ የረጋ ውሃ ቅንጦት አይደለም።

የፓርኩ ታሪክ ለብቻው ጽሑፍ ይወጣዋል። ስሙ የመጣው በፈረንጆቹ 1607 እንግሊዞቹ ጄምስታውንን ከመቆርቆራቸው በፊት መጀመሪያ የወረዱበት ዳርቻ ከመሆኑ ነው። እስከ 1997 ድረስ ግን ሲሾር ስቴት ፓርክ ነበር የሚባለው። በ1936 ሲከፈት መንገዱንና ቤቶቹን በመሥራት ትልቁን ድርሻ የያዙት በሩዝቬልት ዘመን የሥራ ፕሮግራም የተቀጠሩ ጥቁር ወጣቶች ናቸው። ሠርተው ሲጨርሱ እንደ ነጩ ገብተው ሊዝናኑበት አልተፈቀደላቸውም። በ1951 ጥቁር ነዋሪዎች ስቴቱን ከሰሱ። በ1955 ፍርድ ቤት ፈረደላቸው። ስቴቱ ምን አደረገ? ሁሉንም ከማስገባት ፓርኩን ዘጋው። የእህቴ ባል ይህን ሲያነብ ቆይቶ ‹‹እንግዲያውስ ሄደን እንተኛበት›› አለ። ምርጫው በዚሁ ተዘጋ።

አንድ ሕግ ግን ከአክስት ልጆች ጋር ሊያጣላን ነበር። አንድ የካምፕ ቦታ ለአንድ ቤተሰብ ወይም ለስድስት ሰው ነው። የእኛ ሰው ደግሞ ‹‹እኛስ?›› ማለቱ አይቀርም። እህቴ ቀድማ ጨረሰችው፦ ቅዳሜን መጥታችሁ ዋሉ፣ የመኪና መግቢያ በር ላይ ትከፍላላችሁ፣ ማታ ትመለሳላችሁ። ያኮረፈ ነበር። ቅዳሜ ግን መጣ።

መኪናው

ቦታው ከተያዘ በኋላ መኪናውን መምረጥ ቀላል ሆነ። ማቆሚያው የሚያስገባው ርዝመት ይታወቃል፤ መሰኪያው 30 አምፔር መሆኑ ይታወቃል፤ ስንት ሰው እንደሆንን ይታወቃል። የያዝነው ክላስ ሲ የሚባለውን ነው፤ ከሹፌሩ በላይ አልጋ ያለው፣ ፊቱ ቫን የሚመስለው። ርዝመቱ 25 ጫማ፣ ከፍታው ከ11 ጫማ ትንሽ ዘለል ይላል። በተራ መንጃ ፈቃድ ይነዳል።

‹‹ስድስት ሰው ያስተኛል›› የሚለውን ማስታወቂያ ሰው ያምናል። መጠየቅ ያለበት ስድስት ሰው ታጥቆ ይቀመጣል ወይ የሚለው ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ስምንት ዓመት ያልሞላው ልጅ የልጅ ወንበር ግዴታ ነው። የልጅ ወንበር ደግሞ ወደ ጎን በዞረ ሶፋ ላይ አይታሰርም። ፊቱን ወደ ፊት ያደረገ፣ ትክክለኛ ቀበቶ ያለው መቀመጫ ይፈልጋል፤ ያ መቀመጫ አብዛኛውን ጊዜ በምግብ ጠረጴዛው በኩል ያለው አንዱ ነው። እህቴ ከመክፈሏ በፊት የመቀመጫውን ፎቶ አስልካ አየች። በደንብ አድርጋለች።

መኪናውን የተረከብነው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው። አስረካቢው ልጅ ቸኩሏል። ‹‹ሁሉም ኦኬ ነው፣ እዚህ ጋ ፈርም›› ይለኛል። እኔ ትራክ ከማስነሳቴ በፊት ዙሪያውን ሳልፈትሽ ተነስቼ አላውቅም፤ እሱ ስለቸኮለ የምተወው ነገር የለም። ጎማ፣ መብራት፣ ፍሬን፣ ጋዝ፣ የቆሻሻ ቱቦ። መሰላል አስመጥቼ ጣሪያውንም አየሁ። የአንዱ አየር ማስወጫ ክዳን ጥግ ላይ ተሰንጥቋል። ቀኑና ሰዓቱ እንዲታይ አድርጌ በስልኬ አነሳሁት፤ ወረቀቱም ላይ አስጻፍኩት። ልጁ ዓይኑን አጉረጠረጠ።

ከዚያ ትራኬን የማሳድርበት ግቢ ወስጄ አቆምኩት፤ በጋዝም የሚሠራውን ማቀዝቀዣውን ለኩሼ አደረ። የእንዲህ ዓይነት መኪና ማቀዝቀዣ ቀርፋፋ ነው። ጠዋት ከፍተህ ከሰዓት ስጋ ብታስገባበት አይታዘዝህም። ማታውን ቀዝቅዞ ማደር አለበት።

መብራት፣ እንጀራ እና የእማዬ መድኃኒት

እማዬ ስኳር አለባት፤ ኢንሱሊን ትወስዳለች። ጉዞው በሙሉ የታቀደው በዚህ ዙሪያ ነው ቢባል ይቻላል። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ማቀዝቀዣ ይፈልጋል። የተከፈተው አብዛኛውን ጊዜ ለአራት ሳምንት ያህል ውጭ ይቆያል፣ ሙቀቱ ከ86 ፋራናይት እስካልዘለለ። ቨርጂኒያ ቢች ላይ ሐምሌ እኩለ ቀን፣ ኤሲው የጠፋ መኪና ውስጥ፣ ይህ ቁጥር ወዲያው ይታለፋል። በሌላ በኩል ኢንሱሊን በረዶ ከሠራ አለቀለት፤ አይወሰድም። ስለዚህ ለብቻው ትንሽ ማቀዝቀዣ ሳጥን ተገዛ። የበረዶው ከረጢት በፎጣ ተጠቀለለ፣ ከመድኃኒቱ ጋር እንዳይነካካ። የሳጥኑ ቦታ እማዬ እግር ሥር ሆነ። ትልቁን ማቀዝቀዣ ለመድኃኒት አላመንኩትም፤ መንገዳችን ላይ ያለው፣ ውሃ ሥር የሚያልፈው ዋሻ ጋ ስንደርስ ጋዙን መዝጋታችን ስለማይቀር።

ቀጥሎ የመጣው የምጣድ ክርክር ነው። እህቴ የኤሌክትሪክ ምጣዷን ልትይዝ ፈለገች። ሂሳቡን ወረቀት ላይ አሳየኋት። 30 አምፔር በ120 ቮልት 3,600 ዋት ነው። ለመላው መኪና ያለው ይህ ብቻ ነው። የጣሪያው ኤሲ ብቻውን 1,500 ዋት ገደማ ይበላል፤ ሲነሳ ደግሞ ከዚያ በላይ ይስባል። ምጣዱ ሌላ 1,500 ነው። እዚህ ላይ አንዱ ማይክሮዌቭ ከነካ ብሬከሩ ጧ ይላል፣ ቤቱ ይጨልማል፣ ኤሲው ይጠፋል። መውጫ መንገድ አለ። የካምፑ የመብራት ሳጥን ብዙ ጊዜ ከ30ው ሌላ ለብቻው ባለ 20 አምፔር ሶኬት አለው፤ ምጣዱን ውጭ ጠረጴዛ ላይ አድርጎ ከዚያ መሰካት ይቻላል። ግን ሊጥስ? በዚያ ሙቀት ሊጥ አቡክቶ ይዞ መጓዝ ሌላ ጣጣ ነው።

የፈታችው እማዬ ናት። ‹‹ድርቆሽ ምን ሊሆን ተፈጠረ?›› አለች። እውነቷን ነው። ለአርብና ለቅዳሜ ከአሌክሳንድሪያ ሱቅ ትኩስ እንጀራ ተገዛ፤ የባሕር ዳር ወበቅ እንጀራን ቶሎ ስለሚያሻግት ከዚያ በላይ አልያዝንም። ለእሑድና ለሰኞ ድርቆሽ። አርብ ጾም ነው፣ ስለዚህ የመጀመሪያው ቀን ምግብ ሱፍ ፍትፍት፣ ቀይ ስር እና ጎመን ሆነ። ሱፍ ፍትፍት ቀዝቅዞ ነው የሚበላው፤ እሳት አይፈልግም። ሐምሌ ላይ፣ ተጉዘህ ደክሞህ ስትደርስ፣ ከዚህ የተሻለ የካምፕ ምግብ አላውቅም። እሑድ ቋንጣ ፍርፍር በድርቆሽ። ፈረንጁ ‹‹የካምፕ ምግብ›› ብሎ በከረጢት የሚሸጠውን የደረቀ ነገር ሳየው እናቶቻችን ትዝ ይሉኛል።

ስለ ውሃው ብዙ አልልም። ለመጠጥ ውሃ የተሠራው ነጭ ቱቦ ይገዛል፤ የአትክልት ማጠጫ ቱቦ አይሆንም። ግፊት መቀነሻውም ከሱ ጋር ይገጠማል፣ አለዚያ የካምፑ ግፊት የመኪናውን ቀጭን ቧንቧ ሊያፈነዳው ይችላል። የካምፑ ቦታ መብራትና ውሃ ነው እንጂ የፍሳሽ መስመር የለውም። ስለዚህ የታጠበበት ውሃ በአንድ ታንክ፣ የሽንት ቤቱ በሌላ ታንክ ይጠራቀማል፤ ስንወጣ መድፊያው ጋ ነው የሚራገፈው። ስድስት ሰው እስከ ሰኞ እዚያ ውስጥ ሻወር ቢወስድ ታንኩ ይሞላል። ሕግ ወጣ፦ ገላ መታጠብ በፓርኩ መታጠቢያ ቤት፣ የመኪናው ሽንት ቤት ለሌሊትና ለእማዬ። እማዬ ግን አንዴ አይታው ‹‹የምንተኛበት ቤት ውስጥማ አላደርገውም›› ብላ መታጠቢያ ቤቱን መረጠች። ቦታችን ለእሱ ቅርብ እንዲሆን ነሐሴ ላይ የተደከመው እዚህ ላይ ካሰ።

መንገዱ

ከአሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ ቢች 200 ማይል ገደማ ነው። አይ 95ን ወደ ደቡብ፣ ሪችመንድን በ295 ዞሮ፣ ከዚያ አይ 64ን ወደ ምሥራቅ። ርቀቱ ቀላል ነው። ሰዓቱ ነው ከባዱ። በሰመር አርብ ከሰዓት በኋላ 95 ላይ ፍሬድሪክስበርግ አካባቢ የተያዘ ሰው ዕድሜውን ይቆጥራል። ሃምፕተን ላይ ደግሞ ዋሻው አለ። ስለዚህ ከንጋቱ 11 ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ተነሳን። ልጆቹ ከነፒጃማቸው ታጥቀው ተኙ።

ወደ ካምፑ የሚገባው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ በመሃል የምናርፍበት ቦታ ያስፈልግ ነበር። የመረጥኩት ፎርት ሞንሮን ነው፣ ሃምፕተን ውስጥ፣ ዋሻው ከመድረሱ በፊት። የዘጠኝ ዓመቱ ልጅ ትምህርት ቤት ስለ 1619 ተምሯል። በመርከብ ተጭነው ወደ እንግሊዝ ቨርጂኒያ የመጡት የመጀመሪያዎቹ አፍሪካውያን በዚያ ዓመት የወረዱት እዚያ ዳርቻ ላይ ነው፣ ፖይንት ኮምፈርት በሚባለው። በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ ደግሞ ከባርነት ያመለጡ ሰዎች ወደዚሁ ምሽግ ነበር የሚሮጡት። በ2011 ኦባማ ብሔራዊ የመታሰቢያ ቦታ አድርገውታል። ምሽጉ በውሃ ቦይ የተከበበ ነው፤ በሮቹ ጠባብና ዝቅተኛ ናቸው። በአር ቪ ወደ ውስጥ መግባት አይታሰብም። ውጭ ከባሕሩ ግንብ አጠገብ አቁመን በእግር ገባን። ልጁ ውሃውን ቆሞ ሲያይ ቆየና ‹‹አጎቴ፣ በዚህ በኩል ነው የመጡት?›› አለኝ። በጣቴ ወደ ባሕረ ሰላጤው አፍ አሳየሁት።

ከዚያ ዋሻው። ሃምፕተን ሮድስ ብሪጅ ተነል በ1957 የተከፈተ ነው፤ ሁለተኛው በ1976 ተጨመረ። የጋዝ ሲሊንደር የያዘ መኪና ከመግባቱ በፊት ቫልቩን መዝጋት አለበት። ምሽጉ ጋ እያለን ወርጄ ዘጋሁት፤ ማቀዝቀዣው ሳይከፈት እስከ ካምፑ ቅዝቃዜውን ይዞ ይቆያል። ከፍታ ለእኛ ችግር አልነበረም። ወደ ምዕራብ የሚመለሰው አሮጌው ዋሻ ግን የሚያስገባው እስከ 13 ጫማ ከ6 ኢንች ነው። ከዚያ በላይ የጫነ ትራክ ሲመጣ ትራፊኩ ሁሉ ቆሞ እሱ እስኪመለስ ይጠበቃል። ሁሉም ሹፌሩን ይሰድባል። እኔ አንገቴን ደፍቼ እጠብቃለሁ፤ የሙያ ባልደረባ ነው።

አር ቪ ለሚነዳ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ከኋላ ጎማው ኋላ የሚተርፈው ጭራው ረጅም ነው። ወደ ቀኝ ስትጠመዝዝ ጭራው ወደ ግራ ይወጣል። ማደያ ላይ ምሰሶ የሚገጨው በዚህ ነው። ሰፋ አድርጎ፣ ቀስ ብሎ፣ የግራውን መስታወት እያዩ።

እዚያ

የመጀመሪያው ሥራ መኪናውን ማስተካከል ነው። ማቀዝቀዣው በጋዝም ሆነ በመብራት የሚሠራው ወለሉ ልክ ሲሆን ነው። ወለሉ ላይ የውሃ ጠርሙስ አጋደምኩ። ወደ በሩ ተንከባለለ። በበሩ በኩል ያለው ጎማ ሥር የፕላስቲክ መደላድል ገባ። እንደገና አጋደምኩት። ቆመ። ከዚያ መብራት፣ ከዚያ ውሃ፣ ከዚያ ኤሲ። እማዬ ከኤሲው ሥር ተቀመጠችና ‹‹በሉ አሁን እናንተ ባሕራችሁን እዩ›› አለች።

ካምፑ ጥላ አለው፤ ከዛፎቹ በኋላ የአሸዋ ጉብታው፣ ከጉብታው ወዲያ ውሃው ነው። ጉብታው ላይ መውጣት ክልክል ነው፤ በተዘጋጀው መሻገሪያ ብቻ ነው የሚታለፈው። ባሕሩ ዳር ሲደረስ መርከብ አይጠፋም። የጭነት መርከቡም የጦር መርከቡም ወደ ኖርፎክ ሲገባና ሲወጣ በዚያ በኩል ነው የሚያልፈው። በግራ በኩል በ1964 የተከፈተው የቼሳፒክ ቤይ ብሪጅ ተነል ይታያል። 17.6 ማይል ነው፤ መሃሉ ላይ ውሃ ውስጥ ይጠልቅና እንደገና ብቅ ይላል። የአምስት ዓመቷ ልጅ መኪኖቹ የት እንደገቡ ጠይቃ አታባራም።

እማዬ ቅዳሜ ጠዋት ሚካኤልን ተሳልማ ቀሚሷን ሰብስባ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ገባች። ሐምሌ ላይ ቼሳፒክ ጄሊፊሽ አለው፤ የሚናደፍ ዓይነት። እህቴ ልጆቹን ረጅም እጅ ያለው የዋና ልብስ ያለበሰቻቸው ለዚህ ነው። አንዱን ሞቶ አሸዋ ላይ አገኘነው። ሞቶም ቢሆን ክሩ ይናደፋልና ከሩቅ ነው የታየው።

ቡናው ውጭ ተፈላ። መኪናው ውስጥ የጭስ ማስጠንቀቂያም የጋዝ ማስጠንቀቂያም አለ፤ ቡና መቁላት፣ ዕጣን ማጨስ ውስጥ አይታሰብም። ኪራይ ቤቶቹም ሽታ ካገኙ ያስከፍላሉ። አንዲት ትንሽ የጋዝ ምድጃ ጠረጴዛው ላይ ሆነች፣ ጀበናው ተጣደ፣ ፈንዲሻው ተበተነ። ከፊት ለፊታችን የሰፈሩ ባልና ሚስት ሽታው ስቧቸው መጡ፤ እማዬ በእጇ ወንበር አሳየቻቸው። እንግሊዝኛ አትችልም፣ እነሱም አማርኛ አይችሉም፣ ሦስተኛውን ጠጥተው ነው የተነሱት። ከምሽቱ 4 ሰዓት ጀምሮ የጸጥታ ሰዓት ነው። የአክስት ልጆች ጨዋታ በዚያ ሰዓት ነው የሚደምቀው፤ እህቴ ቀደም ብላ ሸኘቻቸው።

እሑድ ከመንገዱ ማዶ ባለው ጫካ ሄድን። የባልድ ሳይፕረስ መንገድ አጭር ነው፣ አንድ ማይል ተኩል ገደማ፣ ረግረጉ ላይ በእንጨት ድልድይ ያልፋል። ውሃው የቀጠነ ሻይ ይመስላል። ቀለሙን የሰጠው ከቅጠሉና ከቅርፊቱ የሚወጣው ታኒን ነው። የድሮ መርከበኞች ቶሎ ስለማይበላሽ ይህን ውሃ ቀድተው ረጅም ጉዞ ይወጡ ነበር። ቢንቢው ብዙ ነው። መድኃኒት ሳይቀቡ መግባት የዋህነት ነው።

ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቆረ። በዚህ አገር ሐምሌ ላይ ይህ ያለ ነው። የመኪናውን የጎን ሸራ ወዲያው ሰበሰብነው። የተዘረጋ ሸራ በአንድ ንፋስ ይገነጠላል፣ ዋጋውም ከኪራዩ ይበልጣል። ዝናቡ ጣሪያውን ሲደበድብ ድርቆሹ እየራሰ ነበር።

ሰኞ

መድፊያው ጋ ሰልፍ አለ፤ ሰኞ ጠዋት ሁሉም ይወጣል። ጓንት ይደረጋል። መጀመሪያ የሽንት ቤቱ ታንክ፣ ቀጥሎ የእጥበቱ፤ የእጥበቱ ውሃ ቱቦውን አጥቦ እንዲወጣ ነው። የእህቴ ባል ራሱ አደርገዋለሁ ብሎ ገባ። ፊቱን አይቼ ምንም አላልኩም።

ስለ ወጪው፣ ቦታው ከሁሉም ትንሹ ነበር። ትልቁ የመኪናው ኪራይ ነው፤ እሱም ከማስታወቂያው ቁጥር ይተልቃል። ከተፈቀደው ማይል በላይ ሲነዳ በማይል ይከፈላል። ጄኔሬተር በሰዓት ይከፈላል፤ መብራት ያለው ቦታ ስለያዝን የእኛ ዜሮ ሆነ። አንሶላና ድስት ኪራይ አለው፤ ከቤት ይዘን ሄድን። ነዳጅ፦ መኪናው በጋሎን 9 ማይል ገደማ ይሄዳል። ደርሶ መልስ ከነዙረቱ 420 ማይል ቢባል 47 ጋሎን ነው። ታንኩ 55 ጋሎን ይይዛል፤ በአንድ ሙሌት ማለት ነው። ኪራዩን እነሱ፣ ነዳጁን እኔ፣ የእንጀራውንና የቡናውን እማዬ ቻለች።

ስንመልስ ሌላ ሠራተኛ ነው የተረከበን። ጣሪያ ላይ ወጥቶ የተሰነጠቀውን ክዳን አየና ከማስያዣው ይቆረጣል አለ። ስልኬን አውጥቼ የሐሙሱን ፎቶ አሳየሁት፣ ከዚያ የተጻፈበትን ወረቀት። አንብቦ ‹‹ኦኬ›› አለ። ማስያዣው በዚያው ሳምንት ሙሉውን ተመለሰ።